ክሩ የተቀጠለው ካሴት፦ የድሮ የፍቅር ዘፈን ለምን አላረጀም?

ማታ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ መያዝ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰው ደክሞታል። ተራ ደርሶ ሲገባ ማንም ከማንም አያወራም። ግማሹ ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ሹፌሩ ፍላሹን ሰካና የኤፍሬም ታምሩን አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ አብራ ማንጎራጎር ጀመረች። ዞር ብዬ አየኋት። ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ የኮሌጅ መታወቂያ አንጠልጥላለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ስንኝ አልሳተችም።

አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ "ይቺ ልጅ ደግሞ ከየት አወቀችው?" አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ነበር። እሱም ሳይታወቀው ያዜማል። እሱ እንዲያውም ከእሷ ያንሳል።

ለሽማግሌው ጥያቄ የተለመደ መልስ አለ። "ትዝታ ነዋ! ሰው ያለፈውን ይናፍቃል" ይባላል። ይህ መልስ ለእሳቸው ይሠራል። ለልጅቷ ግን አይሠራም። ምኑን ታስታውስ? ካሴት ገዝታ አታውቅም። የወጣ ክር በእስክሪብቶ ጠቅልላ አታውቅም። ዘፈኑ ሲወጣ እናቷም ገና ልጅ ነበረች። ያልኖሩበትን ዘመን መናፈቅ ይቻል ይሆናል። እሱ ብቻውን ግን አንድን ዘፈን አርባ ዓመት አያቆየውም።

እኔ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ የደረስኩበት ይኸው ነው። እነዚያ ዘፈኖች የተሠሩት ለርቀት ነው። ሰው ከሚወደው ተለይቶ፣ የሚገናኝበት መላ አጥቶ፣ ቀን እየቆጠረ ለሚያድርበት ሰዓት ነው። ከተማዋ ዳር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ኑሯችን ከሞላ ጎደል ርቀት ነው። ሥራው ሩቅ ነው። ዘመድ ሩቅ ነው። የድሮ ጎረቤት ሩቅ ነው። የሚወዱት ሰውም ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው።

መጀመሪያ ግጥሙን እንየው። በዚያ ዘመን ዘፈን ውስጥ አፍቃሪው የሚወዳት ሴት ብዙ ጊዜ አጠገቡ የለችም። ሄዳለች፣ ወይም ርቃለች፣ ወይም እንደሚወዳት ገና አልነገራትም። ስለዚህ መልእክተኛ ይፈልጋል። ወፏን ይልካል። ነፋሱን ይለምናል። ጨረቃን ይጠይቃል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። ይህ ለማሳመር ብቻ የገባ አይደለም። ስልክ በየቤቱ አልነበረም። ወንድና ሴት ልጅ መንገድ ላይ አብረው ከታዩ የሰፈር ወሬ ይሆኑ ነበር። ዘፈኑ ራሱ መልእክተኛ ነበር። አፍ አውጥቶ "እወድሻለሁ" ማለት ያቃተው ስንቱ ነው ካሴት ገዝቶ፣ "ሁለተኛውን ገጽ ሦስተኛውን ስሚው" ብሎ የሰጠው!

ቀጥሎ ቋንቋው አለ። በአማርኛ የፍቅር ዘፈን ውስጥ የሚሠቃየው ልብ ብቻ አይደለም። ሆድ ይባባል። አንጀት ይላወሳል። ዓይን ይንከራተታል። የምንወደውን ሰው "ሆዴ" ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ይህን የዘፈን ደራሲ ቁጭ ብሎ አልፈጠረውም። እናት ልጇን የምታባብልበት፣ አልቃሽ ለቅሶ ቤት የምታወርድበት ቃል ነው። ዘፈኑ ከዚያው ጉድጓድ ስለተቀዳ የኮሌጇ ልጅ የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም። ቃሉን ከቤቷ ታውቀዋለች።

ሌላው ነገር ዝምታው ነው። ዘፈኖቹ ስለ ሴቲቱ ዓይን፣ ስለ አንገቷ፣ ስለ አረማመዷ ይነግሩናል። የት ትኖራለች? ምን ትሠራለች? ለምን ተጣሉ? ለዚህ መልስ የለም። ባዶ የተተወ ወንበር ነው። አድማጩ የራሱን ሰው አምጥቶ ያስቀምጥበታል። ሽማግሌው አንዲት ሴት አስቀምጠውበታል፤ ረዳቱ ሌላ። ዘፈኑ አንድ ነው፣ ታክሲው ውስጥ ያሉት ታሪኮች ግን አሥራ ሁለት ናቸው።

ይህ ዝምታ በከፊል የዘመኑ ውጤት ነው። በደርግ ጊዜ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይወጣም። ስለ መንግሥት በግልጽ መዝፈን የሚያስከትለው ይታወቃል። ስለ ፍቅር መዝፈን ግን ይቻላል። ስለዚህ ብዙ ነገር ፍቅር ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ "አንቺ" የተባለችው ሴትም ናት፣ አገርም ናት። የሄደው ሰው ፍቅረኛም ይሆናል፣ የተሰደደ ወንድምም ይሆናል። በዚያ ዘመን ልጁ የጠፋበት፣ ወይም ጦር ሜዳ የሄደበት ቤት ብዙ ነበር። ለአንዳንዱ በስሙ ጠርቶ ማልቀስ ያስፈራ ነበር። በፍቅር ዘፈን ማልቀስን ግን ማን ይከለክላል? ለእነዚህ ዘፈኖች ክብደት የሰጣቸው በዋናነት ይህ ይመስለኛል። የሁለት ሰዎች ፍቅር ብቻውን የማይሸከመውን ኀዘን ተሸክመዋል። ዛሬ ስንሰማቸው ምክንያቱን ባናውቅም ክብደቱ ይሰማናል።

ሙዚቃውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማህሙድ አህመድ የወጡት ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። አለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት። እነዚህ ኦርኬስትራዎች ደመወዝ ነበራቸው፣ ኖታ ያነባሉ፣ ዘወትር ይለማመዳሉ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ፣ ማለትም የሙዚቃ ዲስክ፣ ማሳተም ጀመረ። ሥራው በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ከአብዮቱ በኋላ ከአገር ወጣ። ሸክላም ቀስ በቀስ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ።

በታክሲያችን በብዛት የሚከፈተው የካሴቱ ዘመን ነው። ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ቴዎድሮስ ታደሰ፣ አስቴር አወቀ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ፣ ጸሐዬ ዮሐንስ፣ አረጋኸኝ ወራሽ። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ቴፕ ግን ቀበሌ ቤትም፣ ሻይ ቤትም፣ ክፍለ ሀገር አውቶቡስም ገባ። ካሴት ከካሴት ይገለበጣል። አንዱ ገዝቶ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል።

ስለዚያ ዘመን ሲነሳ ሰዓት እላፊን መርሳት አይቻልም። ማታ ምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም ነበር። በሩ ይዘጋል። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋሊያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል፣ ዳህላክ ባንድ በግዮን ሆቴል፣ ሮሃ ባንድና ሌሎችም እንዲህ ባሉ ረጅም ሌሊቶች ተሞረዱ። አብሮ የሚያድር ባንድ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል። ሮሃ ባንድ ብቻውን ከ200 በላይ ካሴቶችን አጅቧል። ብዙውን ጊዜ ሲቀዳም ዘፋኙና ባንዱ አንድ ላይ ሆነው ነው። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። እስቲ ከዚያ ዘመን አንድ ለስላሳ ዘፈን ከፍታችሁ ሳክስፎኑን ብቻ ተከተሉት። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ ይገባል። ዘፋኙ ሲመለስ ይወጣል። ሁለት ሰዎች ተራ እየጠበቁ እንደሚጫወቱ ነው። ያ ጨዋነት ራሱ ፍቅር ያስተምራል እላለሁ።

የሰዓት እላፊው ሌላው ገጽ ደግሞ ቤት የቀረው ሰው ነው። የሚሄድበት የለውም። ቴፑን ቀነስ አድርጎ ይከፍታል። ጎረቤት እንዳይነቃ። ዘፈኖቹ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በጨለማ፣ ለብቻ ተሰምተዋል። ዛሬ በኢርፎን የሚሰማ ልጅም ያንኑ እያደረገ ነው።

ቅኝቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሰፊ ነገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የታነጹ ናቸው። ጊታርና ኪቦርድ ሲመጣም ቅኝቱ አልተለወጠም። ማሲንቆና ክራር ሲጫወቱት የነበረውን ነው ጊታር የተረከበው። ልጆች አንዱን የድሮ ዘፈን ገና በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያውቁት የሚመስላቸው ለዚህ ነው። ቅኝቱን ሠርግ ቤት ሰምተውታል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ዘፈኑን የሠሩት ግን ብዙ ናቸው። ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ የሠሩትን ብናወጣ ከዚያ ዘመን ምን ያህሉ ይቀራል? አለምፀሐይ ወዳጆን ሰው በመድረክ ያውቃታል። ለበርካታ ዘፋኞች የፍቅር ግጥም መጻፏን ግን ሁሉም አያውቅም። ግጥም የአንድ ሰው ሥራ፣ ዜማ የሌላ ሰው ሥራ፣ ቅንብር የባንዱ ሥራ ነበር። አንድ ዘፈን አራት አምስት እጅ ሳያልፍ ካሴት ላይ አይደርስም። የዛሬ ወጣት ዘፋኞች ድምፅ አንሷቸው አይደለም። ፋና ላምሮትንም ባላገሩ አይድልንም የተከታተለ ሰው ድምፅ እንደሞላ ያውቃል። ተወዳዳሪዎቹ ዳኞች ፊት ሲቆሙ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የድሮ ዘፈን ነው። ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ሰፊ ሜዳ እዚያ አለና። ያጡት ያንን ሜዳ አብሯቸው የሚሠራ ባንድ፣ ገጣሚና ጊዜ ነው። ዛሬ ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ ወጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልያዘ ይታለፋል። የድሮው ዘፈን መግቢያ አንዳንዴ ብቻውን አንድ ደቂቃ ይሄድ ነበር። አድማጩም ይጠብቅ ነበር።

ለሐቁ ሲባል ይህም መነገር አለበት። በዚያ ዘመን የወጣ ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ደካማዎቹ ከክራቸው ጋር አብረው ጠፉ። እኛ የምንሰማው በአርባ ዓመት ወንፊት ተነፍቶ የቀረውን ነው። ከቀሩትም ውስጥ እኔ የማልወዳቸው አሉ። ሴቲቱ "አልፈልግም" ስላለች ብቻ ጨካኝ የምትባልባቸው። እሷ ምን አስባ ይሆን? አትናገርም። ደግነቱ ብዙነሽና ሒሩት፣ ኋላም አስቴር፣ ኩኩና ሐመልማል መጥተው ያቺን ዝም ያለች ሴት አናገሯት። የምትጠብቅ፣ የምትቆጣ፣ "በቃኝ" የምትል ሴት በእነሱ ድምፅ ተሰማች። በእኛ ሰፈር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲዘፍኑ የምሰማው በአብዛኛው የእነሱን ነው።

ሙሉቀን መለሰን አስቡት። በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዓለማዊ ዘፈን ተወ። ወደ መንፈሳዊ ሕይወት ገብቶ አሥርት ዓመታት ኖረ። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ። እሱ የተዋቸውን ዘፈኖች አድማጭ አልተዋቸውም።

ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል? አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህ ማለት የካሴት ዘመን ግጥምና ዜማ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ባይኖር ወራሽ አለው። ሆኖም ማንም ሰው አሮጌ ካሴት ገልብጦ፣ የአበባ ፎቶ ለጥፎ ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው እናያለን። ብዙ ጊዜ የገጣሚው ስም እንኳ አይጻፍም። ስሙን መጻፍ ምንም አያስወጣም። በእውነት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከእኔ ብሎክ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ወደዚህ የመጡ ናቸው። ዕቃቸውን ስናወርድ አንድ የጫማ ካርቶን ለማንም አልሰጥም ብለው በእጃቸው ይዘው ደረጃ ወጡ። ወርቅ መስሎኝ ነበር። ኋላ ቡና ሲጠሩኝ ከፍተው አሳዩኝ። ሃያ ሦስት ካሴት ነው። የአንዳንዱ ሽፋን ጠፍቶ ስሙ በእስክሪብቶ በወረቀት ተጽፏል። አጠገቡ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አለ፤ አንዱ በር ተሰብሮ በላስቲክ ታስሯል።

"በድሮው ቤት እኔ ባልከፍትም ይሰማኛል" አሉኝ። "ግድግዳው ጭቃ ነው። የነ እገሌ ቴፕ፣ የጠጅ ቤቱ ቴፕ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። እዚህ በሩ ሲዘጋ በቃ፣ ጭጭ ነው።"

ይህን ሲሉ ስለ ዘፈን ብቻ እያወሩ እንዳልሆነ ገባኝ። ለዓመታት አብረው ቡና የጠጡት ጎረቤታቸው አሁን ሌላ ጫፍ ናት። እሷን ለማየት ሦስት ታክሲ ያስፈልጋል። ዕድርተኛው ተበትኗል። ኮንዶሚኒየም ቤት ነው፣ ውኃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፤ ለዚያ ያመሰግናሉ። ግን ማታ ማታ ቴፑን ሲከፍቱ የሚያዳምጡት ዘፋኙን ብቻ አይደለም። ግድግዳውን ነው፣ የእነ እገሌን ቤት ነው። የፍቅር ግጥም ውስጥ ያለው ባዶ ወንበር ሰፈርም ይቀመጥበታል። የዛሬው ከተማ በዚህ ፍጥነት ሲለዋወጥ፣ ሰው ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ዳር ሲወጣ፣ የመለያየት ዘፈን አድማጭ ቢበዛ ምን ይገርማል?

ወጣቶቹም ያው ናቸው። የኮሌጇ ልጅ ጓደኛዋ የት እንዳለ አላውቅም። በእኛ ብሎክ ግን ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት መፈለግ ነው። ስልኩ አለ፣ ቪዲዮውም አለ። ቢሆንም መልእክት ተልኮ፣ እንደተነበበ ታይቶ፣ መልስ ሳይመጣ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ያ ሌሊት ደብዳቤ ከሚጠበቅበት ሌሊት በምን ይለያል? አዲሱ ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚዘፈነው ለተገናኘ ሰው ነው፤ ለጭፈራ፣ ለሠርግ፣ ለበዓል። እሱም ያስፈልጋል። ለሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ አልተሠራም። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ድሮው ይሄዳሉ። ከእናቶቻቸው ካርቶን ይወስዳሉ።

የጎረቤቴ ልጅ በይሩት ናት፤ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ ትደውላለች። አንድ እሑድ እኔም እዚያው ነበርኩ። ወሬው ካለቀ በኋላ "እማዬ፣ ያንን ካሴት ክፈችልኝ" አለች። እናትየው ሳቁ። "ስልክሽ ላይ ሞልቶልሽ የለ እንዴ?" አሏት።

"እሱ የእኛ አይደለም" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ቴፑ ክር በላ። አባቷ የተበጠሰውን ቆርጦ በኩቴክስ ቀጠለው። ሲቀጥለው ግማሽ ስንኝ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት ዘፈኑ እዚያ ጋ ሲደርስ ይዘላል። ቤተሰቡ ሁሉ እየዘለለ ነው የሚዘፍነው። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል።

እናትየው ስልኩን ከቴፑ አጠገብ አቆሙት። ካሴቱ ዞረ። ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አንገቷን ደፍታለች። የተቀጠለው ቦታ ሲደርስ ሁለቱም ሳይተያዩ፣ እኩል፣ ዘለሉት። ዘፈኑ አለቀ፤ ክሩ ብቻውን ትንሽ ሄደና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

"እማዬ" አለች ልጅቷ፣ "ገልብጪው።"